ምልክቱ የማን ነው?

ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ በደሞታ ተራራ ግርጌ ካሉት ጓሮዎች ወደ አንዱ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እንሰት ነው። ሰፋፊው ቅጠል ቤቱን ከብቦ ግቢውን ያጠላዋል፤ ከሥሩ የከብት ፍግ ተከምሯል። አንድ ቀን ጠዋት የቤቱ እመቤት ከእንሰቶቿ የአንዱ የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ፣ አንገቱ ላይ ተሰብሮ ተንጠልጥሎ ታያለች። ቢላዋዋን አንሥታ ትቆርጠዋለች። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከተቆረጠው ፊት ላይ ክሬም የመሰለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ነገር ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እናቷም ታውቅ ነበር። በሽታው የእንሰት አጠውልግ ይባላል። ያቺ ጠብታ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በባክቴሪያ የተሞላች ናት።

ክቡራትና ክቡራን፣ የዛሬው ንግግር የሚነሣው ከዚያች ጠብታ ነው። ባክቴሪያው ተክሉን ካጠወለገው በኋላ ስለምን ያንጠባጥባል? ዓይኑን የታመመ ሕፃን አይናር ለምን ይበዛበታል? ኮሌራ የያዘው ሰው በአንድ ቀን ውስጥ የሰውነቱን ውሃ አፍስሶ የሚጨርሰው ለምንድን ነው? ግርሻ የያዘው ወጣትስ ትኩሳቱ ለቆት፣ ልብሱን አጥቦ፣ ሥራ ከገባ በኋላ በሳምንቱ ተመልሶ የሚወድቀው ምን ሆኖ ነው?

ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው "ምንህን ነው የሚያምህ?" ሲባል የሚዘረዝረው ሁሉ ምልክት ይባላል። ሳሉ፣ ትኩሳቱ፣ ተቅማጡ፣ ማሳከኩ ለሐኪሙ አቅጣጫ ይጠቁማል፤ ስያሜውም ከዚያ የመጣ ነው። ምልክቱ ግን ለሐኪሙ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሐኪም ከመኖሩ በፊት፣ ሰው ከመኖሩም በፊት፣ ባክቴሪያና ያደረበት አካል ሲታገሉ የኖሩበት የረጅም ዘመን ታሪክ ውጤት ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ፖል ኢዋልድ በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ ጉዳዩን በግልጽ አስቀመጠው፤ በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የኢዋልድ ሐሳብ፣ አንድ የሕመም ምልክት ሲታይ "ማን ይጠቀምበታል?" ተብሎ ይጠየቅ የሚል ነው። አንዳንዱ ምልክት የበሽተኛው አካል ራሱን የሚከላከልበት መሣሪያ ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያው ወደሚቀጥለው ሰው የሚሻገርበት መንገድ ነው። ለማንም የማይበጅ፣ ከትግሉ የተረፈ ፍርስራሽ የሆነም አለ። ሦስቱ በአንድ በሽተኛ ላይ፣ አንዳንዴም በአንዲት ምልክት ውስጥ ተደባልቀው ስለሚገኙ መለየቱ ቀላል አይደለም።

ባክቴሪያ ሐሳብ የለውም፤ ተንኮልም አያውቅም። ይባዛል እንጂ። ሲባዛ ከሚገለበጡት ቅጂዎች መካከል ጥቂቶቹ ላይ ስሕተት ይገባል። አብዛኛው ስሕተት ይጎዳዋል ወይም ምንም አይለውጥም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ስሕተት ባክቴሪያውን ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ዕድል ያሰፋለታል። ያ ዘር ይበዛል፤ መሻገሪያ ያጣው ከበሽተኛው ጋር ይቀበራል። ዝግመተ ለውጥ ማለት ይህ ምርጫ ሳያቋርጥ ሲደጋገም ነው። የሰው ልጅ አንድ ትውልድ ለመተካት ከ20 ዓመት በላይ ሲፈጅበት ብዙ ባክቴሪያ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ትውልድ ይቆጥራል።

ወደ እንሰቱ እንመለስ። እንሰት ለምግብ የለማው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በቆጮው፣ በቡላውና በአሚቾው ይኖራል። ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ አንድ እንሰት ሲጠወልግ አብሮት የሚጠወልገው የአራት የአምስት ዓመት ድካም ነው። ስለ በሽታው ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ በ1939 ጽፎ ነበር። ተሕዋሱን ለይተው፣ የዛንቶሞናስ ወገን መሆኑን አረጋግጠው ስም ያወጡለት ግን ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና እንግሊዛዊው ብራድበሪ ናቸው፤ ጊዜውም 1968 ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1974 ሙዝንም እንደሚያጠቃ አሳወቁ። ማስጠንቀቂያው ከ27 ዓመት በኋላ እውን ሆነ፤ በ2001 በሽታው በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ታየ፤ ከዚያም በኮንጎ፣ በሩዋንዳ፣ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በቡሩንዲ ተዛመተ።

ባክቴሪያው በቁስል በኩል ይገባና ውሃ በሚያመላልሱት የተክሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይባዛል። ሲባዛ ከስኳር የተሠራ ዝልግልግ ያመነጫል። የቅርብ ዘመዱ የሚያመነጨው ተመሳሳይ ዝልግልግ ዛንታን ተብሎ በፋብሪካ ይመረታል፤ የስጎና የጥርስ ሳሙና ማወፈሪያ ሆኖም በየአገሩ ይሸጣል። በእንሰቱ ውስጥ ግን ቧንቧውን ይደፍነዋል። ቅጠሉ ውሃ ያጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰበራል። እዚህ ላይ ሁለቱን ምልክቶች መለየት ያስፈልጋል። መጠውለጉ የመደፈኑ ውጤት ነው፤ ጠብታው ግን መንገድ ነው። በሙዝ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል፤ ጠብታው ከአበባው ጫፍ ላይ ሲወጣ ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ማር ፍለጋ መጥተው በእግራቸው ይዘውት ወደ ሌላ አበባ ይሄዳሉ።

እንሰት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ወይም ማበብ ሲጀምር ስለሚቆረጥ የንቡ መንገድ ጠባብ ነው። ቦታውን የያዘው ቢላዋ ነው። የመሃሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ያየ ቤተሰብ ሁሉም ነገር ሳይበሰብስ የተረፈውን ለማትረፍ ይጣደፋል፤ ይቆርጣል፣ ይፍቃል። በዚያው ቢላዋ የጤነኛውን ቅጠል ለከብት ይቆርጣል። ጎረቤትም ይዋሰዋል። ስለዚህ መጠውለጉ ራሱ፣ ለባክቴሪያው በቀጥታ ባይጠቅመውም፣ የሰውን እጅ ጠርቶ ያመጣለታል። ይህን ባክቴሪያው አስቦ አላደረገውም፤ ሰው ከቢላዋው ጋር በዝግመተ ለውጡ ውስጥ ገብቶ የመንገዱ አካል ሆነ እንጂ።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። የዚህ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶች በማሽላና በበቆሎ ላይ ይኖራሉ፤ እዚያ የሚያደርሱት ጉዳት በአብዛኛው ቅጠል ላይ የሚታይ ረዘም ያለ ሰንበር ነው። በእንሰትና በሙዝ ላይ ያለው ግን ተክሉን እስከነግንዱ ይገድላል። ከአንድ ቤተሰብ የወጡ ተሕዋስያን፣ ያደሩበት ተክልና የሚሻገሩበት መንገድ ሲለያይ ምልክታቸውም ይህን ያህል ይራራቃል።

ተክሉም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ገበሬውም እንዲሁ። በ2014 የታተመ ጥናት በወላይታ ገበሬዎች ጓሮ 67 የእንሰት ዓይነቶችን በየስማቸው መዝግቧል። እያንዳንዱን ስም የሰጡት፣ ልጁን ፈልፍለው የተከሉት፣ ይህ ለቆጮ፣ ያ ለአሚቾ፣ ያኛው ለቃጫ ብለው የመረጡት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ማዚያ የተባለው ዓይነት በእንሰት ምርምር በሚታወቀው በአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ተፈትሾ ከሌሎች ይልቅ አጠውልግን እንደሚቋቋም ታይቷል። ማዚያ ባክቴሪያው ሳይነካው አይቀርም። ይያዛል፤ ምልክቱ ግን ይዘገያል፣ ይቀንሳል፣ አንዳንዱም ያገግማል። የምርምር ጣቢያ ሳይኖር፣ በአንዲት ጓሮ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲካሄድ የኖረ ምርጫ ለዚህ መብቃቱ ሊከበር የሚገባው ትልቅ የዕውቀት ሥራ ነው።

ከጓሮው ወደ ደጃፉ ሲወጣ ሌላ ጠብታ ይገኛል። ሕፃኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ በዓይኑ ጥግ አይናር ተጋግሯል፤ ዝንብ ሰፍራበታለች። እጁን ያወናጭፋል፣ ዝንቧ ተነሥታ ወደ እኅቱ ዓይን ትሄዳለች። የገጠር ሰው ይህን ከማየት ብዛት ዝንብና ልጅ አብረው የተፈጠሩ ሊመስለው ይችላል። በ2006 ይፋ የሆነው የአገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከ100ው 40ዎቹ ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር። በአማርኛ የቆየ ስሙ ማዝ ነው።

ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ በዓይን ቆብ የውስጥ ሽፋን ላይ ይኖራል። ከሰው ሕዋስ ውጭ መባዛት አይችልም። ስለዚህ ከአንድ ዓይን ወደ ሌላ ዓይን የሚያደርሰው ነገር ይፈልጋል፤ አይናሩ ያንን ያሟላለታል። እርጥብ ነው፣ ዝንብን ይስባል፣ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በጋራ ፎጣ ይነካል። ዓይኗን የሰው ፊት ላይ የምታደርገው የዝንብ ዓይነት ደግሞ እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ላይ ነው። ሽንት ቤት መቆፈር ለዓይን መድኃኒት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓይን የሚጠፋው ግን በአይናሩ አይደለም። በሕፃንነት ደጋግሞ የተያዘ ሰው የዓይን ቆቡ ከውስጥ ይቆስላል፣ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ሲሸበሸብ ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱ የዓይኑን ብሌን ይፍቀዋል። በየገጠሩ ብዙ እናቶች ወረንጦ ከቀሚሳቸው ኪስ ወይም ከአንገታቸው ክር አይለዩም፤ ሽፋሽፍታቸውን እየነቀሉ ጥቂት ቀን እፎይ ይላሉ። ይህ ጠባሳ ለባክቴሪያው አንዳች አይፈይደውም። በዚያን ጊዜ ባክቴሪያው ከዓይኑ ብዙውን ጊዜ የለም። ጠባሳውን የሠራው የበሽተኛው የራሱ መከላከያ ነው፤ ደጋግሞ ሲዋጋ የገዛ ቤቱን አቃጠለ። አይናሩ የባክቴሪያው መንገድ ነው፣ ጠባሳው የትግሉ ፍርስራሽ ነው፤ የመጀመሪያው በልጅነት ሲመጣ ሁለተኛው ከ20ና ከ30 ዓመት በኋላ ይደርሳል። የልጅን ፊት በየቀኑ ማጠብ ተራ ነገር የሚመስለው ይህን ርቀት ላላየ ሰው ነው።

የመከላከያ ነገር ከተነሣ ትኩሳት መጠቀስ አለበት። ትኩሳት ብዙ ሰው እንደ ጠላት የሚያየው ምልክት ነው። በ1975 ማት ክሉገርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በረሃ የሚኖሩ ኢጓና የሚባሉ እንሽላሊቶችን በባክቴሪያ ለከፏቸው። እንሽላሊት ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፤ ሲታመም ሞቃት ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ሙቀቱን እንዲያገኙ የተደረጉት አብዛኞቹ ሲተርፉ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ የተያዙት በብዛት ሞቱ። ሙቀቱ ራሱ መድኃኒት ነበር። ይህ ማለት ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ሐኪም ቤት አለመውሰድ ማለት አይደለም፤ በተለይ ወባ ባለበት አገር እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ትኩሳቱ የወጣው ግን በአብዛኛው ከበሽተኛው ወገን ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ ወደ ግርሻ መሻገር ነገሩን ያወሳስበዋል፤ የበሽተኛውን መሣሪያ ባክቴሪያው ነጥቆ ለራሱ ሲጠቀምበት የሚታየው እዚህ ነውና።

ግርሻ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ነው። ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1868 በርሊን ውስጥ በበሽተኞች ደም ላይ ቀጭን፣ እንደ ጠመዝማዛ ክር የሚዋኝ ፍጥረት አየ። በዚያ ዘመን በሽታው አውሮፓን ያምሳት ነበር፤ ዛሬ በዓለም ላይ ዋናው መኖሪያው ኢትዮጵያ ናት። በክረምት፣ በብርድ፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቦታ ይነሣል። ወላይታ በአገሪቱ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት፤ መሬቱ ለልጆች ሁሉ ስለማይበቃ ብዙ ወጣት ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል፤ ጫማ ያሳምራል፣ በግንባታ ላይ ይውላል፣ የኪራይ ወጪ ለመቆጠብ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ይተኛል። ልብስ የሚቀይርበት ቀን የሚርቀው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቅማል የሚገባው በዚህ ነው።

ባክቴሪያው በቅማሉ ሆድ ዕቃ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ተዘግቶበታል። ቅማሉ ሲነክስ አይወጣም። የሚወጣው ሰውየው ሲያክክ ቅማሉ በጥፍር ወይም በጣት ሲፈነዳ ነው፤ በታከከው ቆዳ በኩል ይገባል። ማሳከኩ የቅማሉ ሥራ ነው፣ ማከኩ የሰውየው፣ ከሁለቱ የሚያተርፈው ግን ባክቴሪያው ነው። ሌላም አለ። ቅማል የሚወደው ልከኛ የሰውነት ሙቀት ነው። የተሸካሚው ሰውነት በትኩሳት ሲነድ ቅማሉ ትቶት በአጠገቡ ወደተኛው ሰው ይሻገራል። ሰውነቱ ራሱን ለማዳን ያነደደው እሳት የባክቴሪያውን ተሸካሚ ወደ ጎረቤት አባረረው ማለት ነው።

ከዚያ ትኩሳቱ ይወርዳል። ሰውየው ያልበዋል፣ ይዳከማል፣ ይተኛል፣ ይድናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያገረሽበታል። የአማርኛው ስም ሁሉን ነገር ይናገራል። ምክንያቱ የባክቴሪያው ልብስ ነው። ገላውን የሚሸፍነው ፕሮቲን አለ፤ የሰው መከላከያ ያንን ልብስ ለይቶ ያውቅና ሠራዊቱን ያዘምትበታል፤ ባክቴሪያው በሙሉ ሊያልቅ ይደርሳል። ጥቂቶቹ ግን በጂኖቻቸው ውስጥ ካስቀመጧቸው ብዙ ዓይነት ልብሶች ሌላውን አውጥተው ለብሰዋል። መከላከያው አያውቃቸውም። ተባዝተው ትኩሳቱን ያስነሣሉ። ስለዚህ መውደቅና መነሣቱ የባክቴሪያው ዕድሜ ማራዘሚያ ነው፤ በእያንዳንዱ ግርሻ አዲስ ቅማል ለመያዝ ሌላ ዕድል ያገኛል።

የዘር ሐረጉም አስተማሪ ነው። ከኢትዮጵያ የተገኘ ዝርያ ጂን በሙሉ ተነብቦ በ2008 ሲታተም፣ በምሥራቅ አፍሪካ በመዥገር የሚተላለፍ የዘመዱ የተቆራረጠ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። ከመዥገር ወደ ቅማል ሲዛወር ብዙ ጂኖቹን ጥሏል። በ2025 ደግሞ ከብሪታንያ መቃብሮች ከወጡ አጥንቶች የተነበቡ ጥንታዊ ጂኖች የሁለቱ መለያየት ከ6,000 እስከ 4,000 ዓመት በፊት እንደሆነ አመለከቱ። ያ ሰው የሱፍ ልብስ መልበስ የጀመረበት፣ ተሰብስቦ መኖር የበዛበት ዘመን ነው። ጂን ቢጥልም ግን አልለዘበም። በመዥገር ከሚተላለፉት ዘመዶቹ ይልቅ ይገድላል፤ ሕክምና ካላገኙት በሽተኞች ከ100ው ከ10 እስከ 40 ይሞታሉ። ኢዋልድ ለእንዲህ ያለው ነገር የሰጠው ማብራሪያ አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው ተነሥቶ ካልተንቀሳቀሰ ጉንፋኑ ብዙ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ጉንፋን ቢለሰልስ ይጠቅመዋል። ነፍሳት የሚሸከሙት ተሕዋስ ግን በሽተኛው አልጋ ላይ ቢወድቅም መንገዱ አይዘጋበትም። በሽተኛው ባይራመድ ቅማሉ ይራመዳል።

ሕክምናውም ቢሆን የምልክትን ነገር ያሳያል። ግርሻ በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ይድናል። መድኃኒቱ በገባ በሰዓታት ውስጥ ግን ብዙ በሽተኛ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ከበፊቱ ይበልጥ ያሻቅባል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ቤተሰብ መድኃኒቱ የገደለው ይመስለዋል። ዶክተር ዳንኤል ፍቃዴና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ 49 በሽተኞችን አጥንተው ውጤቱን በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን አሳተሙ። የሰው አካል ሲቆጣ የሚያፈሰውን ቲኤንኤፍ የተባለ ንጥረ ነገር አስቀድመው በፀረ አካል ሲገቱት መንቀጥቀጡ ከ20ው በሽተኞች በ10ሩ ላይ ብቻ ታየ፤ ይህን ካልወሰዱት 29 ግን በ26ቱ ላይ ታየ። ያን ማዕበል የሚያስነሣው በጅምላ የሚያልቀው ባክቴሪያ ቢሆንም ማዕበሉ የበሽተኛው የራሱ አካል ሥራ ነው። ከኢትዮጵያ ወጥቶ የዓለም ሕክምና የተማረበት ጥናት ነው።

ስለ ሳል ደግሞ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ይመስክር። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን የሚሉት የቲቢ ሳል ሳንባው ስለተጎዳ የሚመጣ ነው የሚል ነበር። በ2020 በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቲቢ ባክቴሪያ ሰልፎሊፒድ የሚባል ቅባት እንደሚሠራና ያ ቅባት የሳንባን የሕመም ነርቮች በቀጥታ እንደሚነካ አሳዩ። ቅባቱን ብቻ ያሸተቱ የሙከራ እንስሳት ሳሉ፤ ይህን ቅባት መሥራት በማይችል ባክቴሪያ የተለከፉት ግን ሳይስሉ ታመሙ። ሳሉ በከፊል የተጠራ ሳል ነው።

ቲቢ በየአገሩ አንድ አለመሆኑም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከ2012 ጀምሮ በታተሙ ጥናቶች ሰባተኛው የዘር ሐረግ የተባለ የቲቢ ባክቴሪያ ተለይቷል፤ የሚገኘው በኢትዮጵያ፣ በተለይም በሰሜኑ፣ እንዲሁም ከአፍሪካ ቀንድ በወጡ ስደተኞች ላይ ነው። በአማራ ክልል የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት በዚህ ሐረግ የተያዙ በሽተኞች ከሌሎቹ ይልቅ ሕክምና ፍለጋ ለመሄድ እንደሚዘገዩ አገኘ። ይህ ዘር በቤተ ሙከራም ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድግ ሕመም ቀስ ብሎ ያስጨንቃል፤ ሰውየው ለወራት ከቤተሰቡ ጋር እየሳለ ይኖራል። ለሐኪም የለዘበ ምልክት የምሥራች ይመስላል፤ ለቤተሰቡ ግን ረጅም የመጋለጥ ዘመን ነው።

ኮሌራን በተመለከተ ያለው አጭር ነው፣ ግን መራራ ነው። ቀድሞ ፈንግል ይባል ነበር፤ በ1866 በዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ገብቶ ብዙ ሰው ጨርሷል። ዛሬ በየዜናው አተት ሲባል ይሰማል። የመርዙ ጂን በመጀመሪያ የባክቴሪያው አልነበረም፤ ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ ያገኘው እንደሆነ በ1996 ታውቋል። መርዙ የአንጀትን ሕዋሳት ውሃ እንዲያፈሱ ያስገድዳቸዋል፤ በጣም የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። የሩዝ ውሃ የሚመስለው ያ ፈሳሽ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ወደ ወንዝና ወደ ምንጭ ሲገባ በሽተኛው ያልነካውን ሰው ያገኛል። ኢዋልድ በ1991 በፔሩ የጀመረውን የደቡብ አሜሪካ ወረርሽኝ ተከትሎ፣ ንጹሕ ውሃ በተስፋፋባት ቺሊ የተገኙት ዝርያዎች ውሃዋ ካልተጠበቀው ኢኳዶር ከተገኙት ያነሰ መርዝ ወደማምረት አዘነበሉ ብሎ ተከራክሯል። መደምደሚያውን ሁሉም ተመራማሪ አልተቀበለውም። ንጹሕ ውሃ መንገዱን እንደሚዘጋው ግን የሚከራከር የለም። ለታመመው ሰው ደግሞ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፈጥኖ ከተሰጠው የፈሰሰው ውሃ ይተካል፤ ባክቴሪያው በራሱ ጊዜ ይወጣል።

ምልክት ሁሉ ትርጉም አለው ብሎ መፈለግም ያሳስታል። መንጋጋ ቆልፍ ለዚህ ማስረጃ ነው። ባክቴሪያው በአፈርና በፍግ ውስጥ ይኖራል፤ በቁስል ወይም ባልጸዳ ምላጭ በተቆረጠ እትብት በኩል ሲገባ ካሉት መርዞች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሆኑት አንዱን ያመርታል፤ ጡንቻው ይገታተራል፣ አፍ አይከፈትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሕፃኑ ሥቃይ ለባክቴሪያው ምንም መንገድ አይከፍትለትም። ይህን የመሰለ ሞት ማንም ሳይጠቀምበት የሚሆን ነው፤ ለእናቲቱ የሚሰጥ ክትባት ይከላከለዋል።

እንግዲህ ለሶዶና ለዙሪያዋ የሚቀረው የተግባር ነገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየቤቱ ስትገባ የምታየው አይናር፣ የምትሰማው ሳል፣ የምታገኘው የሚያክክ ወጣት እያንዳንዱ የአንድ መንገድ አፍ ነው። መድኃኒቱ በሽተኛውን ያድናል፤ መንገዱን የሚዘጋው ግን ውሃ፣ ሳሙና፣ ሽንት ቤት፣ የፈላ ልብስና የተከፈተ መስኮት ነው። ይህ ንግግር ለሚሰማው ተማሪ ደግሞ አደራ አለ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና የአረካ ማዕከል በእጃቸው ያለውን ሀብት፣ 67ቱን የእንሰት ዓይነቶችና እነሱን የሚያውቁትን እናቶች፣ ሳይረፍድ ያጥኗቸው። የትኛው እንሰት ሲታመም ያነሰ ጠብታ እንደሚያወጣ ከእናቶቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሁሉ ዛሬ ማታ የእንሰቱ ቢላዋ የት እንዳለ ይጠይቅ። ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በእሳት ይለብለበው ወይም በበረኪና ይጠበው። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ይቅበረው እንጂ ለከብት አይስጠው። ለጎረቤት ሲያውሰውም አጽድቶ ያውሰው።